ከረጢቱ ላይ ያልተጻፈው፦ አጥንት ብታገኙ ሕጉ ምን ይላችኋል? ምንስ ሳይላችሁ ቀረ?

የሲቪል ምሕንድስና ተማሪ ሳለሁ ለኢንተርንሺፕ የወጣሁት ኢሉባቦር ውስጥ፣ ከመቱ ብዙም ባልራቀ የመንገድ ሥራ ላይ ነበር። ሥራዬ ቀላል ነው፤ የኮንክሪት ኩብ መቁጠርና መጻፍ። ኮንክሪት በተሞላ ቁጥር 15 ሴንቲሜትር በሆነ ባለ አራት ማዕዘን ሻጋታ ናሙና ይወሰዳል። ኩቡ በ7ኛውና በ28ኛው ቀን በማሽን ተጨፍልቆ ጥንካሬው ይለካል። እያንዳንዱ ኩብ ላይ ቀኑን፣ የየትኛው ድልድይ የትኛው ክፍል እንደሆነ እጽፋለሁ። ያልተጻፈበት ኩብ ከተገኘ ፎርማኑ «ይሄ ድንጋይ ነው፣ ጣለው» ይላል። ልክ ነው። ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ኩብ ስለ ድልድዩ ምንም አይነግራችሁም።

አንድ ቀን ጠዋት ስቶር ስገባ በሩ ሥር አንድ የማዳበሪያ ከረጢት ተቀምጧል። ከፈት ሳደርገው አጥንት ነው። ኤክስካቫተሩ ዳገቱን ሲቆርጥ ወጥቶ ሠራተኞቹ ለቅመው ያመጡት ነው አሉ። ቡናማ ቀለም ያለው፣ በእጅ ሲይዙት ከበድ የሚል፣ ጥርስ የተሰካበት የመንጋጋ ቁራጭም ነበረበት።

የስቶር ጠባቂውን «አባባ፣ ይሄ ከየት ነው የወጣው?» አልኳቸው።

«ከላይ ነው አሉ፣ ልጄ።»

ችግሩ፣ በዚያ ሳምንት «ከላይ» የተቆረጠው ከአንድ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ኦፕሬተሩም ወደ ሌላ ሳይት ተዛውሯል። ከረጢቱ አንድ ወር ያህል እዚያው ከርሞ፣ ስቶሩ ሲጸዳ አብሮ ጠፋ። የላም ይሁን የከርከሮ፣ ወይም የሰው፣ የሃምሳ ዓመት ይሁን የአምስት ሺህ፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ቀኑን ሙሉ ኩብ ላይ ቦታና ቀን ስጽፍ የምውለው ሰውዬ፣ ከረጢቱ ላይ አንድ ቃል አልጻፍኩበትም።

ከዚያ በኋላ ነው «ለመሆኑ ሕጉ ምን ይላል?» ብዬ ያነበብኩት። የማነበው እንደ ጠበቃ አይደለም፤ ጠበቃ አይደለሁም። ያነበብኩት መሐንዲስ የሥራ ስፔሲፊኬሽን በሚያነብበት መንገድ ነው፦ ይህን ወረቀት የያዘ ሰው፣ ሌላ ምንም ሳይነገረው፣ ትክክለኛውን ሥራ መሥራት ይችላል ወይ? ዛሬ ለእናንተ የማቀርበው የዚያን ንባብ ውጤት ነው።

አንቀጽ 41 ምን ይላል?

ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 ነው (የአዋጁ ዓመት በእኛ አቆጣጠር ነው፤ ከዚህ በታች ያሉትን የምርምር ዓመታት ግን በፈረንጆቹ እጽፋቸዋለሁ)። ቅርስ ሲል ሐውልትና የብራና መጽሐፍ ብቻ ማለቱ አይደለም፤ የተፈጥሮን ዝግመተ ለውጥ የሚመሰክሩ ነገሮችንም ይጨምራል። ስለዚህ ቅሪተ አካል፣ ማለትም የጥንት አጥንትም፣ ጉዳዩ ነው።

ስለ ድንገተኛ ግኝት የሚናገረው አንቀጽ 41 ነው። በራሴ አባባል ሳሳጥረው እንዲህ ነው። ማዕድን ስትፈልጉ፣ ቤት ስትሠሩ፣ መንገድ ስትቆርጡ ወይም በሌላ አጋጣሚ ቅርስ ካገኛችሁ ወዲያውኑ ለባለሥልጣኑ ማሳወቅ አለባችሁ። ባለሥልጣኑ መጥቶ እስኪረከባችሁም እንዳይጎዳ ትጠብቃላችሁ። ባለሥልጣኑ ደግሞ መርምሮ ይረከባል፣ ይመዘግባል። በስድስት ወር ውስጥ ተገቢውን እርምጃ ካልወሰደ፣ ሁኔታውን ዘርዝራችሁ ለክልሉ ባለሥልጣን በጽሑፍ አስታውቃችሁ ከኃላፊነት ነፃ መሆን ትችላላችሁ። ላስረከበ ሰው ተገቢው ሽልማት ይሰጠዋል፤ ያወጣው ወጪም ይተካለታል።

በመጀመሪያ ንባብ ጥሩ ነው። ግዴታውን ለሁሉም ሰው ሰጥቷል፤ ለምሁር ብቻ አላለም። የመንግሥትንም ግዴታ ጽፏል። «ካልመጡስ?» የሚለውን ጥያቄ አስቀድሞ ማሰቡ ራሱ የሚያስመሰግነው ነው። ብዙ ሕግ ይህን አያስብም።

ሁለተኛ ጊዜ ስታነቡት ግን አንድ ነገር ይጎድላል። አንቀጹ የሚያወራው ስለ ዕቃ ነው፦ ዕቃ ይገኛል፣ ዕቃ ይጠበቃል፣ ዕቃ ይረከባል፣ ዕቃ ላስረከበ ይሸለማል። ቦታው የለም። ዕቃው ካልተሰበረ፣ ከተገኘበት ተነሥቶ በከረጢት ስቶር ውስጥ ቢቀመጥም «ተጠብቋል» ማለት ይቻላል። የእኛ ሳይት ሠራተኞች አጥንቱን አልሰበሩም፣ አልሸጡም፣ አልጣሉም። በዚህ ንባብ ብታዩት ግማሹን ግዴታ ተወጥተዋል። ሳይንሱ ግን የጠፋው እነሱ አጥንቱን ባነሡባት ደቂቃ ነው።

ቦታ ለምን ይህን ያህል ይጠቅማል?

«አጥንቱ ካለ ቦታው ምን ያደርጋል?» ትሉ ይሆናል። ሁለት ታሪክ ልንገራችሁ፤ ሁለቱም የእኛው አገር ናቸው።

የመጀመሪያው አፋር ውስጥ፣ ወራንሶ ሚሌ በሚባለው የጥናት ቦታ የሆነ ነው። በየካቲት ወር 2016 አሊ በሬይኖ የተባለ የአካባቢው ፍየል ጠባቂ አንድ የላይኛው መንጋጋ አገኘ። ወሬው የጥናት ቡድኑን ለሚመሩት ለዶክተር ዮሐንስ ኃይለሥላሴ ደረሰ። ዶክተር ዮሐንስ መንጋጋውን ተቀብለው አመስግነው አልተመለሱም። አሊ ይዟቸው መንጋጋው ወደተገኘበት ቦታ ሄዱ። እዚያ ጥቂት ሜትሮች ራቅ ብሎ የቀረው የራስ ቅል ነበር! ከዚያ ቡድኑ በቦታው የተከመረውን የፍየል በጠጥና አፈር በወንፊት እየነፋ ሌሎች ቁርጥራጮችን ለቀመ። ውጤቱ በ2019 ሲታተም፣ ወደ 3.8 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያለው፣ ሙሉ ሊባል ትንሽ የቀረው የኦስትራሎፒቴከስ አናመንሲስ የራስ ቅል ሆነ። ዕድሜው የተሰላው ከአጥንቱ አይደለም፤ በአካባቢው ካሉት የእሳተ ገሞራ ንጣፎች ነው። አሊ መንጋጋውን አምጥቶ ቦታውን ረስቶት ቢሆን ኖሮ፣ በእጃችን ያለው ዕድሜው የማይታወቅ አንድ መንጋጋ ነበር።

ሁለተኛው ታሪክ ከታችኛው ኦሞ፣ ከኪቢሽ ነው። በ1967 በሪቻርድ ሊኪ የተመራ ቡድን እዚያ የሁለት ሰዎችን ቅሪት አገኘ። ኦሞ 1 የተባለው ቢያንስ ከፊሉ ገና በንጣፉ ውስጥ እንዳለ ተቆፍሮ ወጣ፤ ኦሞ 2 ግን ከመሬት ገጽ ላይ የተለቀመ ነው። በዚያ ዘመን ዕድሜውን የሚለኩበት ዘዴ ደካማ ስለነበር 130,000 ዓመት ይሆናል ተብሎ በጥርጣሬ ቀረ።

ከሠላሳ ዓመት በላይ አለፈ። ሌላ ቡድን በ1967 የተነሡ ፎቶዎችንና ፊልም ይዞ ተመለሰና ያችን ቦታ ፈልጎ አገኛት። እዚያው ተጨማሪ የኦሞ 1 አጥንቶች ለቀመ፤ አንዱ የጭን አጥንት ቁራጭ በ1967 ከወጣው ጋር ገጠመ። ዕድሜው በ2005 ወደ 195,000 ዓመት ከፍ አለ። በ2022 ደግሞ ከቦታው በላይ ያለው የአመድ ንጣፍ ከየትኛው እሳተ ገሞራ እንደመጣ ተለይቶ፣ ኦሞ 1 ቢያንስ 233,000 ዓመት ገደማ እንደሚሆነው ተሰላ። ኦሞ 2ስ? የቱ ንጣፍ ውስጥ እንደነበረ እስከ ዛሬ ያከራክራል።

ልብ በሉ፤ ዓመቱ አንድ ነው፣ ቡድኑም አንድ ነው። ልዩነቱ አንደኛው አጥንት «አድራሻ» አለው፣ ሌላው የለውም። የመለኪያ መሣሪያ በየዓመቱ ይሻሻላል፤ የጠፋ አድራሻ ግን በመሣሪያ አይመለስም። ልክ እንደ ኮንክሪቱ ኩብ።

ሶር አፋር አይደለም

አሁን ወደ ኢሉባቦር እንመለስ። የሶርን ፏፏቴ ያያችሁ ታውቁታላችሁ፦ ጫካ፣ ጭጋግ፣ እርጥበት፣ ሲረግጡት የሚያንሸራትት ቀይ አፈር። ይህ አካባቢ በዓመት ከ1,500 ሚሊሜትር በላይ ዝናብ ያገኛል። ዝናብ በበዛበት አገር አፈሩ ካልሲየሙንና ማግኒዚየሙን እየታጠበ አሲዳማ ይሆናል። ለአጥንት ደግሞ አሲድ ጠላቱ ነው።

ቤት ውስጥ ልትሞክሩት ትችላላችሁ። በደንብ የተጸዳ የዶሮ እግር አጥንት ብርጭቆ ውስጥ አድርጉና አቼቶ ሙሉበት። ከሦስት አራት ቀን በኋላ አቼቶውን ቀይሩት። ሳምንት ሲሞላው አውጥታችሁ ለማጠፍ ሞክሩ፤ እንደ ጎማ ይታጠፋል። አጥንቱን ጠንካራ ያደረገው የካልሲየም ማዕድን ሟሙቶ፣ ኮላጅን የሚባለው ለስላሳው ክፍል ብቻ ቀርቷል። አሲዳማ አፈር ውስጥም ይኸው ይሆናል፤ ቀስ እያለ ነው እንጂ። ኮላጅኑን ደግሞ ባክቴሪያና ሻጋታ ይጨርሱታል።

ስለዚህ በሶር አካባቢ መሬት ውስጥ አሮጌ አጥንት ከተገኘ ጥያቄ ያስነሣል። ወይ አጥንቱ የቅርብ ጊዜ ነው፣ ወይ ቦታው ልዩ ነው። ልዩ ቦታ ሲባል ለምሳሌ ዋሻ ነው። በጋሞ ከፍተኛ ቦታዎች ያለው ሞታ ዋሻ፣ በ2012 ተቆፍሮ 4,500 ዓመት ገደማ የሆነው የአንድ ሰው አጽም ወጥቶበታል። አጥንቱ ከመትረፉም በላይ ሙሉ የዘረመል መረጃው ተነብቦ በ2015 ታትሟል። ዋሻውን ለተመራማሪዎቹ ያሳዩት የአካባቢው ሰዎች ናቸው።

ሌላው ልዩ ቦታ በባዛልት ንጣፎች መካከል የተቀበረ የጥንት ሐይቅና ረግረግ ደለል ነው። ከጎንደር በስተ ምዕራብ ጭልጋ ላይ እንዲህ ባለ ደለል ውስጥ ወደ 27 ሚሊዮን ዓመት የሚጠጋቸው የአጥቢ እንስሳት ቅሪተ አካላት ተገኝተዋል፤ የዝሆን ጥንታዊ ዘመዶችም አሉበት። ኢሉባቦር ውስጥ የያዩ የድንጋይ ከሰል የሚገኘውም በባዛልት መካከል ባለ ደለል ውስጥ ነው። አጥንት አለበት እያልኩ አይደለም። እያልኩ ያለሁት፣ እዚህ አገር አጥንት ከወጣ የመጀመሪያው ጥያቄ «ይሄ ምንድን ነው?» ሳይሆን «ምን ዓይነት መሬት ውስጥ ነበር?» መሆን አለበት ነው። ቀይ አፈር? ግራጫ ደለል? የዋሻ ወለል? ከረጢቱ ይህን አይመልስም።

ሌላም አለ፤ የስድስት ወሩ ነገር። አፋር ላይ ስድስት ወር ምንም አይደለም ማለት ይቻላል፤ ደረቅ መሬት ነው፣ ዝናብ ጥቂት ነው። መቱ አካባቢ ግን በግንቦት የተገኘ አጥንት ስድስት ወሩ የሚሞላው በኅዳር ነው፤ ክረምቱን በሙሉ ያሳልፋል ማለት ነው። አዲስ የተቆረጠ የቀይ አፈር ግድግዳ በአንድ ክረምት ምን እንደሚሆን የመንገድ ሥራ ያየ ሰው ይመስክር። ይናዳል። ናዳው ደግሞ በሎደር ተዝቆ ገደል ይገባል። ለመላው አገር አንድ ሰዓት የተሞላለት ሕግ እዚህ ላይ ዘግይቶ ይደውላል።

ሦስት ክፍተቶች

እንደ ስፔሲፊኬሽን ሳየው እንግዲህ አንቀጽ 41 ላይ የማነሣቸው ነገሮች ሦስት ናቸው።

አንደኛ፣ «ከቦታው አታንሡ» አይልም፤ ቦታውን መዝግቡም አይልም። «ጠብቁ» ማለት ብቻውን አይበቃም፤ ምክንያቱም ቅን ሰው ዕቃ ሲጠብቅ አንሥቶ ቤት ያስገባል።

ሁለተኛ፣ «ሥራ አቁሙ» የሚለው በግልጽ የተጻፈው በሚቀጥለው አንቀጽ 42 ላይ ነው፤ እሱ ደግሞ የሚመለከተው የተከለለ ሥፍራ ተብሎ በታወጀ ቦታ የሚካሄድ ግንባታን ነው። ግን ድንገተኛ ግኝት ድንገተኛ የሚባለው እኮ ማንም ባልጠረጠረበት፣ ባልተከለለ ቦታ ስለሚወጣ ነው! ኤክስካቫተሩ መቆም ያለበት በተለይ እዚያ ነው።

ሦስተኛ፣ ሽልማቱ ለሚያስረክብ ነው። ቦታውን ሳይነካ ሮጦ ሄዶ የተናገረች እረኛስ? ሳይንሱን ያተረፈችው እሷ ናት፤ ያስረከበችው ዕቃ ግን የላትም። ሕጉን በጠባቡ ካነበብነው ተሸላሚው ከረጢት ይዞ የመጣው ነው። የምንሸልመውን ነገር ነው የምናገኘው፤ ዕቃ ከሸለምን ዕቃ ይመጣልናል።

በሌላ በኩል ለሕጉም ፍርድ እናድርግ። ሕግ አውጪው የገጠመው ትልቁ ችግር የቅርስ ስርቆት ነበር፦ መስቀል፣ ብራና፣ ሐውልት። ለእነዚህ «ዕቃውን አስረክብ» ማለት ትክክል ነው። ደግሞም «ፈጽሞ አታንሡ» የሚል ጠንካራ ትእዛዝ ራሱ ሊጎዳ ይችላል። ማታ ዝናብ ሊመጣ፣ ጠዋት ዶዘር ሊያልፍበት የሆነ አጥንት ባለበት ይቅር ማለት ጥፋው እንደማለት ነው። እኔም ብሆን «አታንሡ» የሚል አንድ መስመር ብቻ ቢጨመር አልረካም። የሚያስፈልገው ቅደም ተከተል ነው፦ መጀመሪያ መዝግብ፣ ቀጥሎ አሳውቅ፣ ግድ ከሆነ ብቻ አንሣ። ይህ በአንድ ገጽ መመሪያ ሊገባ ይችላል፤ አዋጅ መቀየር እንኳ አይጠይቅም። ያች ገጽ ግን በየሳይቱ ካምፕ ግድግዳ ላይ፣ በየወረዳው፣ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም መለጠፍ አለባት።

ወቀሳው የሕጉ ብቻ አይደለም። እኛ ሳይንስ የምንጽፈውም አለንበት። ስለ ግኝት ስናወራ የአጥንቱን ስም፣ ዕድሜውን፣ የዶክተሩን ስም እንናገራለን። «መጀመሪያ ያየው ሰው ያን ቀን ምን አደረገ?» የሚለውን እንዘለዋለን። ለእናንተ ግን ከሁሉም የሚጠቅማችሁ እሱ ነው፤ ምክንያቱም ነገ ያን ቦታ ላይ የምትቆሙት እናንተ ናችሁ።

እናንተ ብታገኙስ?

ስለዚህ መመሪያው እስኪወጣ ይህን ያዙ።

ከሁሉ በፊት፣ አጥንቱ የሰው ከመሰላችሁና ልብስ፣ ጫማ፣ ቁልፍ ወይም የሬሳ ሣጥን እንጨት አብሮት ካለ ምንም ሳትነኩ ለፖሊስ ተናገሩ። የቅርብ ሟች ሊሆን ይችላል፤ ቤተሰብ እየፈለገው ይሆናል። መቃብር ከሆነም የአካባቢውን ሽማግሌዎች ሳታማክሩ ወዲያ ወዲህ አትበሉ።

ካልሆነ፣ አታንሡ፣ አታጥቡ፣ አትቆፍሩ። አብሮ የተጣበቀው አፈርና አሸዋ ቆሻሻ አይደለም፣ መረጃ ነው። በ2000 ዲኪካ ላይ ጥላሁን ገብረሥላሴ ያያት የሕፃኗ የሰላም ቅሪተ አካል አሸዋ ድንጋይ ውስጥ ተጣብቃ ነበር። ዶክተር ዘረሰናይ ዓለምሰገድ ድንጋዩን በጥርስ ሐኪም መሣሪያ እየፋቁ ለማላቀቅ ዓመታት ፈጅቶባቸዋል። እናንተ በጥርስ ብሩሽ በአምስት ደቂቃ አትጨርሱት።

ከዚያ ፎቶ አንሡ፤ ቢያንስ ሦስት። አንዱ ከቅርብ፣ አጠገቡ እስክሪብቶ ወይም የአንድ ብር ሳንቲም ተቀምጦ፣ መጠኑ እንዲታወቅ። ሁለተኛው ትንሽ ራቅ ብሎ፣ የአፈሩ ንጣፍና ቀለም እንዲታይ። ሦስተኛው ከሩቅ፣ ዛፉ፣ ድንጋዩ፣ ድልድዩ እንዲገባ። ኦሞ ኪቢሽን ከሠላሳ ዓመት በኋላ ያስገኘው እንዲህ ያለው ፎቶ ነው።

የስልካችሁን ጂፒኤስ ክፈቱ፤ ኔትወርክ ባይኖርም ይሠራል። ቁጥሩን እንዳለ ጻፉ፣ አታጠጋጉ። ከነጥብ በኋላ ሁለት አኃዝ ብቻ ከጻፋችሁ ስህተቱ ኪሎ ሜትር ሊደርስ ይችላል፤ እንደ ጠባቂው «ከላይ ነው» ማለት ነው። አምስት አኃዝ ከጻፋችሁ አጻጻፉ እስከ አንድ ሜትር ይለያል። የስልኩ ጂፒኤስ ራሱ የጥቂት ሜትሮች ስህተት ስላለው ነው ፎቶውም የሚያስፈልገው፤ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል። ቁጥሩን ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ አትለጥፉ። ከተመራማሪው ቀድሞ ደላላው ይደርሳል።

ቀጥሎ አሳውቁ። ቅርባችሁ ያለው የወረዳው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ነው፤ በእሱ በኩል ዛሬ የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ወደሚባለው መሥሪያ ቤት ይደርሳል። በቃል ብቻ አትናገሩ፤ በጽሑፍ ስጡ፣ ቀን ጻፉበት፣ ኮፒው ላይ «ደርሶናል» አስብላችሁ አስፈርሙ። ስድስት ወሩ መቆጠሩን የምታስረዱት በዚያች ወረቀት ነው። መቱ አካባቢ ከሆናችሁ ዩኒቨርሲቲው አለ፤ መምህር ጠይቁ።

አጥንቱ ሌሊቱን እንደማያልፍ ካወቃችሁና የሚመጣ ሰው ከሌለ ብቻ፣ ከላይ ያለውን ሁሉ ከመዘገባችሁ በኋላ፣ ከነአፈሩ አንሡት። ከተነሣበት ቦታ ላይ ድንጋይ ከምሩ ወይም ችካል ትከሉ። የያዘው ካርቶን ወይም ከረጢት ላይ ቀኑን፣ ቦታውን፣ ጥልቀቱን፣ የአፈሩን ቀለምና ያነሣውን ሰው ስም ጻፉበት።

ይህን ሁሉ ለማድረግ ሩብ ሰዓት አይፈጅም። ብዙ ጊዜ የሚወጣው የላም አጥንት ነው፤ ያኔም አልከሰራችሁም። የወረዳው ባለሙያ «የላም ነው» ሊላችሁ የቻለው እናንተ በደንብ ስለመዘገባችሁ ነው። እኔ ግን ለዚያ ከረጢት የላም ነው የሚል መልስ እንኳ አላገኘሁለትም። ማርከሩ ኪሴ ውስጥ ነበር።